የታጠበ ወለል

መጋቢት 3

ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ትናንት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስትጠረቅምብኝ ደህና መሆንህን አረጋግጫለሁ። የታመመ ሰው እንዲያ ያለ ጉልበት የለውም።

እኔና አንተ በስልክ መነጋገር አንችልበትም። እማዬ በሕይወት ሳለች ድምፃችን ከፍ ሲል ስልኩን ከእጅህ ትነጥቅህና «ቆይ እስቲ እኔ ላናግራት» ትል ነበር። አሁን የሚነጥቅህ የለም። ደብዳቤ ደግሞ አይጠረቀምም፤ ብትናደድበት እንኳ ነገ ተመልሰህ ታነበዋለህ። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለችውን ብጣሽ ወረቀት እስከ መጨረሻ መስመሯ የምታነብ ሰው የእኔን አትተወውም። ለአውቶቡሱ ሾፌር እሰጠዋለሁ፤ አንተም በእሱ ላክልኝ።

እንግዲህ ትናንት ያላስጨረስከኝን ልጨርስ። ሳትቆጣ አንብበው። ካልሆነልህም እየተቆጣህ አንብበው።

ወረርሽኙ ከየት እንደመጣ የሚያጣራው ኮሚቴ ሰዎቹን ወደ እናንተ ገበያ የላከ ጊዜ፣ አንተ አዳራሹን በሙሉ አሳጥበኸው ነበር። ከማንም አልሰማሁም፣ አንተው ነህ ደውለህ የነገርከኝ። «የወፎቹን ረድፍ፣ የጥንቸሎቹን ረድፍ፣ ቦዩን ሳይቀር በበረኪና አስፈትጌዋለሁ፤ ወለሉ ላይ ፊትሽን ታያለሽ» አልከኝ። አብሬህ ሳቅኩ። ሰዎቹ ምን ሊሠሩ እንደመጡ አንተም እኔም ገና አልሰማንም ነበር።

አሁን ሪፖርታቸው ወጥቷል። በገበያው ውስጥ የቫይረሱ ምልክት አልተገኘም ይላል። ሕዝቡም «እንግዲያው ገበያው ነጻ ነው» አለና ፊቱን ወደ ሌላው በር አዞረ። ሌላው በር የእኛ ነው፤ የሌሊት ወፍ ቫይረስ የምናጠናበት ላብራቶሪ።

ጋሼ፣ በበረኪና የተፈተገ ወለል ላይ ቫይረሱ ኖሮ ቢሆን አይገኝም፣ ኖሮ ባይሆንም አይገኝም። ያልኩህ ይህን ብቻ ነው። በሽታው ከእናንተ ገበያ ወጣ አላልኩም። አንተ ግን እዚህ ሳልደርስ ዘጋኸው።

ጉልበትህን ታየው። አትጨክንበት።

ሚጣ

መጋቢት 9

ሚጣዬ፣

ስልኩ ከእጄ አምልጦኝ ነው ብዬ ልዋሽሽ ነበር። ዘግቼው ነው። የገበያው ሥራ አስኪያጅ አጠገቤ ቆሞ ጆሮውን ጥሎ ሲያዳምጥ አንቺ «በረኪና፣ በረኪና» ትይብኛለሽ፤ ምን ላድርግ? ይቅር በይኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም የእርጥበት ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚውል ሰው ሌላ ምን ሊያመው ነው?

ለምን አጠብከው ነው የምትይው። እንግዳ ይመጣል ተባልኩ፣ አጠብኩ! እኔ እኮ የዚህ ገበያ የጽዳት አለቃ ነኝ። በሽታ ፍለጋ እንደሚመጡ ማን ነገረኝ? «ምሁራን ይመጣሉ፣ አዳራሹን ይጎበኛሉ» ነው የተባልነው። ምሁራን ሲባል አንቺ ትዝ አልሽኝ። «የዚያች ልጅ ወንድም የሚሠራበት ቦታ እንዲህ ይሸታል» እንዲሉ ልተወው? ቦቲዬን አጥልቄ ከጣሪያው ሸረሪት ድር ጀመርኩ። የሽቦ ሳጥኖቹ እየወጡ ታጠቡ፣ መክተፊያዎቹ ተፋቁ፣ ሽታ የሚባል ነገር ድራሹ ጠፋ። ሠራተኞቼ «አለቃ ዛሬ ምን ነካው?» ይባባሉ ነበር።

ሰዎቹ መጡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ እጄን ጨብጠው «እንዲህ ያለ ንጹሕ ገበያ አይቼ አላውቅም» አሉኝ። ከዚያ ነው ጥጥ የተጠቀለለባቸውን እንጨቶች አውጥተው ወለሉን መጥረግ የጀመሩት። አይ ሞኝነቴ፣ ለንጽሕናው ማርክ የሚሰጡኝ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ቆሜልሻለሁ። «በቅርቡ ታጥቧል?» ብለው የጠየቁት ሥራ አስኪያጁን ነው። እሱም «እንደ ወትሮው ነው» አላቸው። እኔን የጠየቀኝ የለም።

አሁን ግን ገበያው ተከፍቷል። ተዘግቶ የከረመበትን ጊዜ አንቺ አላየሽውም። ሰው ሠራተኞቼን በመንገድ ሲያያቸው ይሻገር ነበር። እትዬ ላባን ታውቂያታለሽ አይደል፣ ዶሮ ሻጯን፣ ላባ ከፀጉሯ የማይጠፋውን? የልጅ ልጇን ትምህርት ቤት ውስጥ «በሽታ» ብለው ስም አወጡለት። ሪፖርቱ ወጥቶ በሩ ሲከፈት የዘበኛውን አንገት አንቃ አለቀሰች። ዘበኛውም አለቀሰ። እኔም አይኔ ውስጥ በረኪና ገባ መሰለኝ።

ይህን ላፍርሰው ነው የምትይኝ? በይ አንቺ ራስሽ ፍረጂ።

ጋሼሽ

መጋቢት 17

ጋሼ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሾፌሩ ከደብዳቤው ጋር በቃል የላክብኝንም ጥያቄ ሳያዛንፍ አደረሰልኝ፤ ድምፅህን ሁሉ አስመስሎ። ሰውየው ተዋናይ መሆን ነበረበት።

«ይህን ያህል ካስጨነቃት ለምን ራሷ አትናገረውም?» ነው ያልከው። ልንገርህ።

ባለፈው ሳምንት የላብራቶሪያችን በር ላይ ድንጋይ ተወረወረ። መስታወቱ ተሰብሮ ካርቶን ለጥፈንበታል። ትናንት የተሳፈርኩበት ታክሲ ሾፌር የምወርድበትን ስነግረው ዞር ብሎ አየኝና «እዚያ ነው የምትሠሪው?» አለኝ። አዎ ስለው መኪናውን አቁሞ በእጁ በሩን አሳየኝ። አከራዬ ደግሞ እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ ሴት ናቸው፤ ሰሞኑን በራፌ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ሳይገቡ ያወሩኛል። ቤቱን ለዘመድ እንደሚፈልጉት ነገሩኝ። የትኛው ዘመድ እንደሆነ እንኳ ገና አላሰቡበትም።

እንግዲህ ይህች ሴት፣ እኔ ማለት ነው፣ ድንገት ብድግ ብላ «ገበያው ታጥቦ ነበር» ብትል ምን ይባላል? ራሷን ለማዳን ዶሮ ሻጮችን ከሰሰች ይባላል። ቢሉም አልፈርድባቸውም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንዲያ እላለሁ። አንተ ብትናገረው ግን የምታተርፈው ነገር የለም፣ ትጎዳለህ እንጂ። ሰው እንዲያምንህ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ክፉ ነገር መሆኑን አውቃለሁ ጋሼ፤ ከመጎዳትህ በቀር የምሰጥህ ማስረጃ የለኝም።

ሰሞኑን ቴሌቪዥን ታያለህ? ሁለት ፕሮፌሰሮች ይከራከራሉ። አንዱ ከገበያው ለመሆኑ አንገቱን ይሰጣል፣ ሌላው ከላብራቶሪ ለመሆኑ አንገቱን ይሰጣል። አንገት የረከሰበት ዘመን ነው። የእኛ ክፍል ባልደረባዬ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ «ገና አናውቅም» ቢል፣ አንዱ አድማጭ ደውሎ «ታዲያ ቀኑን ሙሉ እዚያ ምን ትሠራላችሁ?» አለው።  

እኔ «ከገበያው ነው» በል አልልህም። «አጥበነው ነበር» በል፣ ሌላ ምንም አትጨምር።

ሚጣ

ሚያዝያ 2

ጋሼ፣

ቁራጭ ወረቀትህ ደረሰችኝ። ሰላምታ የላት፣ ፊርማ የላት፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ። ከጀርባዋ ሌላ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ገለበጥኳት።

አዎ፤ እስል ነበር።

የበሽታው ስም ገና በማንም አፍ ሳይገባ፣ ለእረፍት እማዬ ዘንድ የመጣሁ ጊዜ። አንተ «የከተማ ጉንፋን ይዘሽብን መጣሽ» ብለህ አሾፍክብኝ። እማዬ ብርድ ልብሷን ደርባልኝ ከጎኗ አስተኛችኝ። ከመምጣቴ በፊት ለአለቃዬ ትኩሳት እንዳለኝ ነግሬያቸው ነበር፤ «ጉንፋን ነው፣ ሂጂ እረፊ» አሉኝ። ያን ጊዜ ደም የወሰደልኝ የለም፤ ማንስ ምን ብሎ ይወስዳል? ኋላ ስመረመር በሽታው አግኝቶኝ እንደነበር ታወቀ። መቼ እንዳገኘኝ ግን ምርመራው አይለይም። በዚያ ጉዞዬ ይሁን፣ ከተማው ሁሉ በሳል ከተሞላ በኋላ ይሁን፣ የሚለይበት መንገድ የለም።

ጉንፋን ነበር ወይ? ይመስለኛል። ይመስለኛል ማለቴ ነው፤ አውቃለሁ ማለቴ አይደለም።

ለኮሚቴው አልተናገርኩም። «የጠየቀኝ የለም» ብዬ ልጽፍልህ ብዕሬን ካነሳሁ በኋላ የአንተው ቃል መሆኑ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ተቀምጬ አንተን ተናገር፣ ተናገር እያልኩ እወተውትሃለሁ፤ የራሴን ግን ሆዴ ውስጥ ቀብሬዋለሁ። የፈራሁት ድንጋዩን ብቻ አይደለም። ሌላም ነገር ፈርቻለሁ፣ አንተም ታውቀዋለህ።

እማዬ የታመመችው እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው። ይህን አስበኸዋል። ሰላምታ ያጣሁትም ለዚህ ነው፤ ይገባኛል፣ አልቀየምህም። ግን ጋሼ፣ አንተም በየማታው ከዚያ ገበያ እየመጣህ ከእሷ ጋር በአንድ ሰሃን ትበላ ነበር። ይህን የምጽፈው ልወጋህ አይደለም። ሁለታችንም የምናስበውን ነገር አንዳችን መጻፍ ነበረብን።

እህትህ

ሚያዝያ 8

ሚጣ፣

እንደምን አለሽ? እንደምን ሰነበትሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግብ ትበያለሽ? የባለፈውን ሰላምታ ከአሁኑ ጋር አንድ ላይ ተቀበይ። እንደ ውሻ ነው የጻፍኩልሽ። ውሻ እንኳ ጭራውን ይቆላል።

«በአንድ ሰሃን» ያልሽውን መስመር ቆሜ እያነበብኩ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ሚጣ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ከሥራ ወጥቼ ቤት ስደርስ እጄን እስከ ክርኔ እታጠባለሁ። ሳሙናው አልቆ እስኪሳሳ። ቤት ውስጥ ማን አለና? ማንም። ባዶ ቤት ለመግባት እታጠባለሁ። ስለ ሳልሽ የጠየቅኩሽ ለምን እንደሆነ አሁን ይግባሽ። ካንቺ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነው። እንዲህ ያለ ወንድም ነው ያለሽ።

ደግሞ እትዬ ላባ አላስቀምጥ ብላኛለች። ትናንት ወለሉን ስፈትግ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «አለቃ፣ ይህ ቦታ እውነት ደህና ነው? የልጅ ልጄን ይዤ ልምጣ?» አለችኝ። «ኮሚቴው ያለውን ሰምተሽ የለ!» አልኳት። እሷ እቴ! «ኮሚቴውን ሰምቻለሁ፤ እኔ የጠየቅኩት አንተን ነው» አለችኝ። ቱቦው ተደፍኗል ብዬ ጥያት ሄድኩ። ቱቦው አልተደፈነም። ይህቺ ሴት ዶሮዋ እንቁላል ቢያንሳት እንኳ እኔን የምታማክር ናት።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ በእማዬ ሞት። አንቺም ዝም በይ፣ እኔም ዝም ልበል። አንቺ ሳልሽን ብትናገሪ ከእነነፍስሽ ይቀብሩሻል። እኔ ውሃዬን ብናገር ገበያው ይዘጋል። ሙታን አይነሱበትም። ሆድ ይፍጀው ብለን እንተወው። ደብዳቤዎቹንም አቃጥያቸው።

ጋሼሽ

ሚያዝያ 16

ጋሼ፣

ልመናህ ደርሶኛል። በእማዬ ሞት ብለህ ለምነኸኝ እንቢ ማለት እንዴት እንደከበደኝ ልነግርህ አልችልም። ዝም ለማለት ሞክሬ ነበር። ቢሮ ገብቼ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ሰው ያወራኛል፣ እመልሳለሁ፤ ግን አከራዬ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ «እውነታቸውን ቢሆንስ?» እላለሁ። የሚፈሩኝ ሰዎች ምክንያት ያላቸው እኔ የደበቅኩት ነገር ስላለ መሆኑን እያወቅኩ ልቆጣቸው አልቻልኩም።

ዛሬ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ሳሌን ነገርኳቸው። መቼ እንደጀመረኝ፣ ለማን እንደተናገርኩ፣ የት እንደሄድኩ፣ ከማን ጎን እንደተኛሁ።   ከኮሚቴው አንዱ ሰውዬ «ይህን ዛሬ ለምን ነገርሽን?» አለኝ። ቀድሞ ስላልነገርኳችሁ፣ አልኩት። 

ያንተን አንድም ቃል አላነሳሁም። ገበያውን አላነሳሁም። ከእንግዲህ ምንም እንድትናገር አልጠይቅህም፤ ያን ሁሉ ውትወታዬን እርሳው። የየራሳችንን መናገር እንጂ የሌላውን ማስነገር የእኔ ሥራ አይደለም። አንተ ወንድሜ ነህ፣ ብትናገርም ባትናገርም።

ደብዳቤዎቹን አላቃጠልኳቸውም። አልቻልኩም፤ ስድብህ እንኳ ይናፍቀኛል።

ሚጣህ

ሚያዝያ 16

ሚጣዬ፣

ዝም እንበል ብዬ በእማዬ ሞት የለመንኩሽ እኔ፣ ቃሌን ያፈረስኩትም እኔው ነኝ። ደስ ይበልሽ፤ ወይም አልቅሺ፤ አላውቅም።

ጠዋት እትዬ ላባ የልጅ ልጇን ይዛ መጣች። መልስ አልሰጠኋትም ነበር፤ ዝም ማለቴን እንደ አዎንታ ቆጥራዋለች። ልጁ ቦዩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ከጫጩቶቹ ጋር ሲጫወት አየሁት።  እኔ እኮ ይህ ቦታ ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም! የሚያውቅ ሰው የለም! እሷ ግን እኔን አምና ልጁን አስቀምጣዋለች። ባልዲውን እዚያው ጣልኩትና ኮሚቴው የሕዝብ ቃል ወደሚቀበልበት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄድኩ። ቦቲዬን እንኳ አላወለቅኩም፤ ምንጣፋቸውን አበላሸሁት።

ተናገርኩ። አጥበነው ነበር አልኩ፣ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ አልኩ፣ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ጸሐፊዋ «ለምን አጠባችሁት?» አለችኝ። «እንግዳ ይመጣል ተብሎ» ስላት ብዕሯን ይዛ ቀረች፤ እንደሱ ብላ ትጻፈው ይሆን አትጻፈው አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኛል። ፊቱ አመድ መስሏል። ገበያው ነገ ይዘጋል ይባላል። ስመለስ ለእትዬ ላባ ራሴ ነገርኳት። ልጁን አቅፋው ወጣች።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ሬዲዮኑ ስለ አንቺ አወራ። ስምሽን አልጠሩም፣ ግን አንቺ ነሽ። ምን ጉድ ነው ሚጣ? ዛሬውኑ? አንቺም? እዚህ ብቻዬን ቁጭ ብዬ እንደ እብድ እየሳቅኩ ነው፤ ፊቴ ግን ረጥቧል። አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ፤ እማዬን ያሳመማት ካንቺ ነው ወይስ ከእኔ?

ጋሼሽ

ግንቦት 4

ጋሼ፣

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ሾፌሩ የእኔን ላንተ ሰጥቶ የአንተን ለእኔ ሲያመጣ «እናንተ ሰዎች ለምን አትደዋወሉም?» አለኝ።

ዜናውን ሰምተሃል። ኮሚቴው የቀድሞ ሪፖርቱን ሽሯል። በገበያው የተወሰደው ናሙና ምንም አያረጋግጥም፣ የላብራቶሪዋ ሠራተኛም መቼ እንደታመመች ማወቅ አይቻልም፣ ስለዚህ ከየት እንደመጣ አናውቅም ብሏል። ሰብሳቢው በሕዝብ ፊት «መጠየቅ የነበረብንን ሰው አልጠየቅንም፤ እጁን ጨብጠን አለፍን» ሲሉ ሰማሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዓረፍተ ነገር ከባለሥልጣን አፍ ሰምቼ አላውቅም።

ሕዝቡስ ካልከኝ፣ አላመነም። ጭራሽ እህትና ወንድም መሆናችንን ደረሱበት። «ተማክረው ነው፤ አንዷ ወዲህ አንዱ ወዲያ እየጎተቱ ነገሩን ሆን ብለው ያወሳሰቡት» ይላሉ። ተማክረን ቢሆን ኖሮ እንዲህ እንጎዳ ነበር? እኔ ከሥራ ታግጃለሁ፤ አከራዬም የጠፋውን ዘመዳቸውን አገኙት መሰለኝ፣ ዕቃዬን እያሰርኩ ነው። ሁሉም ግን እንዲያ አይደለም። ያ ድሮ ሬዲዮ ላይ ደውሎ የጮኸው ሰው ይሁን ሌላ፣ አንድ አድማጭ ደውሎ «አሁን አናውቅም ሲሉኝ ገባኝ፤ ለምን እንደማያውቁ ነገሩኝ» ብሏል። አንድ ሰው ነው። እኔ ግን ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት።

በመጨረሻው መስመርህ የጠየቅከኝን አልዘለልኩትም። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የተማርኩት አንተ ከፍለህልኝ ነው፣ ይህን ያህል ዓመት ደግሞ ሥራዬ ይኸው ነው፤ እና መልሱን ለአንተ እንኳ መስጠት አልቻልኩም። እማዬን ያሳመማት የእኔ ሳል ይሁን ያንተ እጅ፣ ወይ የሌላ ሰው ትንፋሽ፣ አላውቅም ጋሼ። መቼም አላውቅም። የማውቅ ብሆን የሚከፋህን እንኳ ቢሆን እነግርህ ነበር።

ሚጣ

ግንቦት 11

ሚጣዬ፣

አላውቅም ያልሽኝን አመንኩሽ። ፕሮፌሰሩ አንገቱን ሲሰጥ አላመንኩትም፤ አንቺን ግን አመንኩሽ። እዚያው ላይ ቢበቃኝ ጥሩ ነበር፤ አልበቃኝም፤ አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለ።

እማዬ አልጋ ላይ ሳለች፣ ትንፋሿ ሳያጥር በፊት፣ ጠርታኝ «ከየት እንዳመጣሁት አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ክሊኒኩ ወረፋ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ትስል ነበር፣ ከእሷ ነው፤ ከቤት ሰው አይደለም» አለችኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገመችልኝ። እጄን ይዛ «ሰማህ?» አለችኝ። ሰምቻለሁ አልኳት።

አልነገርኩሽም። መጀመሪያ ተኳርፈን ነበር። ከዚያ ደግሞ አንቺ እንደ ልማድሽ «የትኛው ክሊኒክ? በስንት ሰዓት?» ብለሽ ትመረምሪዋለሽ ብዬ ፈራሁ። አሁን ግን ንገራት የሚል ነገር ወጥሮ ያዘኝ። እንግዲህ እማዬ ካለች፣ ካንቺም አይደለም ከእኔም አይደለም። እፎይ በይ።

ገበያው እንደተዘጋ ነው። ጎረቤቶቼ ሰላም አይሉኝም። እትዬ ላባ ግን ትናንት ደጃፌ ድረስ መጣች። ቤት ልትገባ አልፈለገችም፤ ቆማ «ሌላ ቦታ መሸጫ ሰጥተውናል፤ ልጁን ልውሰደው ወይስ አልውሰደው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አትውሰጂው፣ ገና አልታወቀም» አልኳት። «እሺ» ብላ ሄደች።

ጋሼሽ

ግንቦት 15

ጋሼ፣

አነበብኩት። ክፍሉ ባዶ ነው፤ ዕቃዬ ተጭኗል፤ አንድ ሻንጣ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ።

እማዬ በሕይወቷ ክሊኒክ ረግጣ ታውቃለች? ጥርሷን ሲያማት እንኳ ሁለታችን ጎትተን ወስደናት ደጃፉ ላይ ደርሳ «ተሻለኝ» ብላ ተመለሰችብን! የትኛው ወረፋ ላይ ነው የተቀመጠችው?

እኔም የደበቅኩህ አለ። በዚያው ሰሞን አንተ ገበያ ሆነህ ስልክ ደውላልኝ ነበር። ድምፅዋ ደክሟል። «ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄጄ ነው የያዘኝ፤ ቤቷ ውስጥ ሁሉም ይስሉ ነበር። ከእናንተ ከማንኛችሁም አይደለም፤ በተለይ አንቺ እንዳታስቢ» አለችኝ። ደጋገመችልኝ። «ሰማሽ?» አለችኝ። ሰምቻለሁ አልኳት።

ለአንተ የክሊኒክ ሴት፣ ለእኔ ልብስ ሰፊ። ኮሚቴው መጥቶ ቢጠይቃት ለእነሱም ሦስተኛ ሰው ታመጣላቸው ነበር። ጋሼ፣ እሷም አላወቀችም። ማወቅም አልፈለገችም። ማናችንም እንዳንሸከመው ብቻ ነው የፈለገችው፤ ለየብቻችን ዋሽታን ሞተች። እኔ ያን ጊዜም አላመንኳትም። አንተም አላመንካትም፤ ብታምናት ኖሮ ይህን ያህል ጊዜ ባልደበቅከኝ።

አላምንሽም ያላልናት ስለምንወዳት ነው። እኔና አንተ ግን እንዲህ አንዋሻሽ። ከእኔ ሊሆን ይችላል፤ ከአንተም ሊሆን ይችላል። ሁለታችንም ይዘነው እንኑር።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ተማክረው ነው የሚሉን ሰዎች እንዳያዩን በጓሮ በር ግቢ ትለኝ ይሆናል፤ አልገባም። መናኸሪያ ድረስ መጥተህ ተቀበለኝ። ሰው ይየን።

ሚጣ